የሩፋኤል ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ የመኪናዬ አራቱም ጎማዎች በአንድ ቀን፣ ያውም ሁለት መቶ ሰባ አውራ ጎዳና ላይ፣ በዝናብ ይተንፍሱብኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ያየውንና የሰማውን ለመናገር ዲፕሎማ አምጣ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በሕይወት እያለ ተለቅሶለታል፤ እሱም ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ በልቷል። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሩፋኤል ብቻ አይስቅም፣ አያለቅስምም። ነገሩ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ሩፋኤል ለማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፖላሪስ፣ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ መነጽር ቤት ይሠራል። ደንበኛውን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና ግንባሬን እይ ይለዋል፤ ከዚያ በትንሽ ማስመሪያ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። በቀን ከሠላሳ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሠላሳውም የሚያዩት ግንባሩን ነው።

ሲወለድ ሴት ናት ተብሎ የሴት ስም ወጣለት። ያንን ስም አውቀዋለሁ፤ ግን አልነግራችሁም። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ በወሬ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ። ይኼኛው ግን እኔ የማወራው ዕቃ አይደለም። እናቱ በልጅነቱ ነው ያረፈችው፤ አባቱ ጋሽ ለማ ብቻቸውን አሳደጉት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ከሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ድሮም ወንድ ነበርኩ፣ ስሜም ሩፋኤል ነው አላቸው። ጋሽ ለማ ሪሞቱን አነሡና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩ። መልሳቸው ይኸው ነበር።

አላባረሩትም፤ አልሰደቡትም። በድሮው ስም መጥራታቸውን ግን ቀጠሉ፤ ሰው ባለበት እንደውም ጮክ እያደረጉ። መጨረሻ የተያዩት ሆስፒታል ተኝተው ሊጠይቃቸው የሄደ ቀን ነው። ነርሷ ይህ ማነው ስትላቸው ሴት ልጄ ናት አሉ። ነርሷ የሩፋኤልን ጢም አየች፣ ወረቀቷን አየች። ሩፋኤል ያመጣውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልተመለሰም።

የደነዘዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እግር ታጥፎ ሲቆይ መጀመሪያ ያምማል፤ ከዚያ ሕመሙም እግሩም ይጠፋል አይደል? እንደዚያ ሆነ። አበሻ ሱቅ ገብቶ አንቺ ሲሉት ዕቃውን ከፍሎ ይወጣል። ምን ተሰማህ ሲሉት፣ ምንም ይላል። እውነቱን ነው።

ኖርዝላንድ ሰፈር፣ ሞርስ ሮድ ላይ፣ በሥጋ ቤትና በገንዘብ መላኪያ መካከል የተጣበቀች አንዲት ማተሚያ ቤት አለች። የሠርግ ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን ባነር፣ የቀብር ፕሮግራም ታትማለች። የምትሠራባት ኤልዳና ናት። ሩፋኤል አንድ ማክሰኞ ፍርድ ቤት የሰጠውን የስም ለውጥ ወረቀት አምስት ኮፒ ሊያስነሣ ገባ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም አለ፤ የድሮው ከላይ፣ አዲሱ ከታች። ኤልዳና አነበበችው። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም።

ማሽኑ መሥራት እንደጀመረ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘርፌ ገቡ። እትዬ ዘርፌ የሩፋኤልን እናት የሚያውቁ፣ እሱንም በልጅነቱ ፀጉሩን ይጎነጉኑለት የነበሩ ሴት ናቸው። ገና ከበሩ አወቁት። በድሮው ስም ሱቁን እስኪሞላ ጠሩት። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የለበስሽው፣ ይኼ ፊትሽ ላይ ያለው ምንድነው፣ እናትሽ እንኳን ይህን ሳታይ ሄደች እያሉ እጁን ያዙት። ሌሎቹ ደንበኞች ስልካቸውን አቀርቅረው ማየት ጀመሩ። ሩፋኤል ግድግዳው ላይ ያለውን የዋጋ ዝርዝር ያነብ ነበር።

«እትዬ ዘርፌ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች ኤልዳና ከማሽኑ ሳትዞር። «ተራው የሩፋኤል ነው።»

«የማን?»

«የሩፋኤል። እሱ ነው የቀደመው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ትምህርት የለም። ወረፋ እንደሚያስጠብቅ ሰው ነው የተናገረችው። እትዬ ዘርፌ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሩፋኤል የሚባል ሌላ ሰው እንደሌለ ገባቸውና እጁን ለቀቁት። ኤልዳና አምስቱን ኮፒ አስተካክላ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጣ ሰጠችው፤ ማንም እንዳያነበው።

ሩፋኤል የሚለውን ስም ሌላ ሰው በአማርኛ ሲጠራው ለእሱ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ሥራ ቦታ ፈረንጆቹ ሬፍ ነው የሚሉት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። ምን ተሰማው? ምንም። ግን ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኤልዳና ፖላሪስ መጣች። መነጽር ፈልጌ ነው አለች። ኖርዝላንድ ውስጥ ሦስት መነጽር ቤት አለ፤ ሩፋኤል ግን ይህን አላነሣባትም። ፊት ለፊቱ አስቀመጣትና ማስመሪያውን አወጣ።

«ግንባሬን እዪ» አላት።

«ለምን ግንባርህን?»

«ዓይኔን ካየሽ ልኩ ይበላሻል።»

«እሺ» አለችና ዓይኑን አየች።

ልኩ ተበላሸ። መጀመሪያ ስልሳ አንድ ሚሊሜትር ሆነ፤ ሁለተኛ ሲለካ ስልሳ፤ ሦስተኛ ስልሳ ሦስት። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ ያየው ማስመሪያውን ሲያይ ነው እንጂ አልተሰማውም።

«ሌላ ሰው ይለካሽ» አላት።

«ሌላ ሰው አልፈልግም። ቀስ ብለህ ለካ፤ እኔ አልቸኩልም።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ማተሚያ ቤቷ እየሄደ የሌላ ሰው የሠርግ ካርድ አብሯት ያጥፍ ጀመር። እሷ ታወራለች፣ እሱ ያጥፋል። ከሥራ ሲወጡ ሶማሌዎቹ ምግብ ቤት ገብተው ሩዝ በሙዝ ይበላሉ። አንድ ቀን ሁሉንም ሊነግራት ተዘጋጅቶ፣ ሹካውን አስቀምጦ፣ ስለ እኔ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ ብሎ ጀመረ። ኤልዳና እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ወረቀቱን እኮ አንብቤዋለሁ» አለችው። «ሙዙን ካልበላኸው ስጠኝ።»

እጁን ስትይዘው አንዳንዴ ወዲያው አያስተውልም ነበር። ታዝባዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው፦

«አሁን ከእኔ ጋር ስትሆን ደስ ይልሃል?»

ዋሽቶ አዎ ማለት ይችል ነበር። «አላውቅም» አላት።

ቆይታ አየችው፤ አልተቆጣችም። «እሺ። ስታውቅ ንገረኝ» አለችና ካርዷን ማጠፍ ቀጠለች።

በሁለተኛው ዓመት ስለ ጋብቻ ተነሣ። ያነሣችው እሷ ናት። ችግሩ እናቷ እትዬ ሮማን ናቸው። እትዬ ሮማን አረጋውያን እየተንከባከቡ ሁለት ልጅ ያስተማሩ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባትም እናትም የሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሴቶች ኅብረት የሚመሩ ሴት ናቸው። ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በሽማግሌ ነው ብለዋል። ኦሃዮም ቢሆን፣ ጨረቃም ላይ ቢሆን ሦስት ሽማግሌ በሬን ያንኳኳል። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ የልጁ ወገን ማነው፣ የማን ልጅ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ይጣራል። ኤልዳና እናቴ ሳትመርቀኝ አልሄድም አለች፤ እሱም ሳትመረቂ ነይ አላላትም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሩፋኤል የማን ልጅ ነው የሚለው ላይ።

ሦስት ሰው ፈለገ። አንደኛው የአፓርትመንቱ ጎረቤት ጋሼ ግርማቸው ናቸው፤ የአየር ማረፊያው ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሃያ ዓመት በመስኮት ሲያወሩ ኖረው መስኮቱ ሲወሰድባቸው ወሬው የቀረባቸው ሰው። ሁለተኛው ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ያለው የሐረሩ ኡሳማ ነው፤ እትዬ ሮማን ጤፍ የሚገዙት ከእሱ ነው። ሦስተኛ ጠፋ። በመጨረሻ የሩፋኤል ጓደኛ ባርኮት ተመረጠ። ባርኮት ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፋርማሲ ነው የሚሠራው፤ እዚሁ ስለተወለደ አማርኛው ይሰበራል። ግን ፀጉሩ በሃያ ዓመቱ ጥጥ ሆኗል። ከኋላ ሲያዩት ሰባ ዓመት ይገመታል። አንተ ዝም በል፣ ፀጉርህ ይናገራል አሉት ጋሼ ግርማቸው። «አይ ጎት ዩ» አለ፣ ገባኝ ለማለት።

ሩፋኤል ለሦስቱም ነገሩን አልደበቀም። ባርኮት ቀድሞ ያውቃል። ኡሳማ ረዘም ላለ ጊዜ ጢሙን ሲያሽ ቆየና፣ እኔ ሁለት ዓመት በዱቤ ስሰጥህ አንድ ቀን አላሳፈርከኝም፣ የምመሰክረው ይህን ነው አለ። ጋሼ ግርማቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«አባትህስ?»

ዋይትሆል እንደሚኖሩና ለማ እንደሚባሉ ነገራቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣውም። ጋሼ ግርማቸውም አልደገሙም።

በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች እትዬ ሮማን ቤት ገቡ። እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ። እትዬ ሮማንም እንደ ወጉ ጠየቁ፦ የማን ልጅ ነው? አባቱ የታሉ? ለምን አብረው አልመጡም?

ጋሼ ግርማቸው ላባቸው መጣ። በሕይወት ያለ አባት ለልጁ ሽማግሌነት አልመጣም ማለት ነውር ነው፤ ቤቱን ያስጠረጥራል። የሞተ አባት ግን ማንንም አያሳፍርም።

«አርፈዋል» አሉ።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን ጋሼ ግርማቸው አንዴ አፋቸው ከተከፈተ ማቆሚያው የሚጠፋባቸው ሰው ናቸው። ለማ ይባሉ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት፣ ዋይትሆል፣ በድንገት፣ ተኝተው ሳለ አሉ። ደግ ሰው ነበሩ አሉ። ኡሳማ መሬት መሬቱን አየ። ባርኮት ፀጉሩ ብቻ እንዲናገር ስለታዘዘ ዝም አለ። እትዬ ሮማን እንባቸው መጣ። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ አላንገላታም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለው ሸኟቸው።

እትዬ ሮማን ደግ ሴት ናቸው፤ ጥፋቱ የመጣው ከደግነታቸው ነው። ማታውኑ ለሴቶች ኅብረቱ ግሩፕ መልእክት ጻፉ። አንድ ወገናችን ዋይትሆል ውስጥ በድንገት አርፏል፣ ለቅሶ እንኳን ሳንደርስ ሳምንት ሆነው፣ ምን ዓይነት ክርስቲያኖች ነን አሉ። ጋሽ ለማን ድሮ የሚያውቅ ሰው አድራሻውን ላከ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ አርባ ስድስት ሰው ጥቁር ለብሶ ወደ ዋይትሆል ነዳ። እትዬ ሮማን ብቻ የሥራ ተራቸው ስለነበረ ቀሩ።

ጋሽ ለማ በካናቴራ ሆነው ኳስ እያዩ ነበር። በር ተንኳኳ። ከፈቱ። ፊት የነበረችው ፋንቱ የምትባል ሴት ገና ወይኔ ብላ ልትጀምር አፏን እንደከፈተች ሟቹን ራሱን አየችና እዚያው ተቀመጠች። ከኋላ ያለው ሕዝብ አላየም፤ እየገፋ ገባ። አንዱ ተጣጣፊ ወንበር ይዘረጋል፣ አንዱ የታሸገ ውኃ በካርቶን ይደረድራል፣ ሴቶቹ ማዕድ ቤቱን ያዙ። ሁኔታው እስኪገባቸው ወጡ ተሞቋል። የተሞቀ ወጥ ደግሞ ተመልሶ አይሄድም። ሟቹ ሸሚዝ ለበሱና ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ።

ይህን ያጫወተኝ እዚያው የነበረ ሰው ነው። ጋሽ ለማ አልተቆጡም አለኝ። ምግቡን በሉ፤ ስለ ደግነታቸው የተዘጋጀውን ንግግር ሰሙ። ከዚያ ማን ነው ሞተ ያለኝ ብለው ጠየቁ። የልጅዎ ሽማግሌዎች ናቸው አሏቸው። የትኛው ልጄ አሉ። ሩፋኤል አሏቸው፤ የሮማንን ልጅ ሊያገባ ነው። ጋሽ ለማ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ለካ እትዬ ዘርፌም እዚያ ናቸው፤ ከማዕድ ቤት ብቅ ብለው፣ ለማ ወንድ ልጅ የለውም፣ ያለችው አንዲት ሴት ናት፣ እኔ ነኝ የጎነጎንኳት አሉ። ሁሉም ወደ ጋሽ ለማ ዞረ። ጋሽ ለማ አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ። ሳህናቸውን ያዩ ነበር።

ያ ዝምታ ማታውኑ እትዬ ሮማን ጋ ደረሰ። አባቱ አልሞተም፤ ወንድ ልጅም የለውም። ስለዚህ ሩፋኤል የሚባለው ሰው ማነው?

ኤልዳና ኮል አድርጋ ነገረችው። እናቷ ሽማግሌዎቹ አይመለሱ ብለው ነበር፤ ኤልዳና ተሟገተች፤ በመጨረሻ ይምጡና ውሸታቸውን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ አሉ እናትየው። ሩፋኤል እሺ፣ እሺ እያለ ሰማ። ስልኩን ዘግቶ የደንበኛ መነጽር መጥረጉን ቀጠለ። በኋላ አየው፤ አንዱን መስታወት አሥራ አንድ ጊዜ ጠርጎታል።

ሐሙስ ከሥራ ቀርቶ ዋይትሆል ሄደ። አባቱን ስለገደለ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ያሰበው ይህን ብቻ ነው። ጋሽ ለማ በሩን ከፍተው ከሆስፒታሉ ወዲህ ያላዩትን ፊት አዩ። ጢሙ ሞልቷል። ትከሻው ሰፍቷል። ከኋላቸው ሳሎኑ ከወለል እስከ መስኮት የለቅሶው የውኃ ካርቶን ነው፤ መሄጃ የለም።

«ሞተዋል ያልኩት እኔ አይደለሁም» አለ ሩፋኤል። «ግን ይቅርታ፣ አባዬ።»

«ውኃውን ውሰጂ» አሉ ጋሽ ለማ። «ቤቴ ውስጥ መቆሚያ አጣሁ።»

ያ ቃል አልፎት ሄደ፤ እንደ ሁልጊዜው ምንም አልነካም። አንድ ካርቶን አነሣ። አባቱም አነሡ። እሱ ደረጃውን ሲወርድ እሳቸው ይወጣሉ፤ እሳቸው ሲወርዱ እሱ ይወጣል። ሳይነጋገሩ ዐሥራ አራት ካርቶን የመኪናውን የዕቃ መጫኛና የኋላ ወንበር ሞላ። የመጨረሻውን አብረው ሲያስገቡ አባትየው ትንፋሻቸው አጥሯል።

«የእውነት ሞቼ ቢሆን ትመጪ ነበር?» አሉ።

ሩፋኤል አሰበበት። ለአባቱ መዋሸት ይቀል ነበር።

«ለቅሶው ላይ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ከሆነ አልመጣም ነበር።»

ጋሽ ለማ የዕቃ መጫኛውን ዘጉ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ። ስምንት ሰዓት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ። በሩ ሲዘጋ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ በረዶ ጣለ። ሽማግሌ በሚላክበት ቤት ጠያቂው ራሱ አይገባም፤ ስለዚህ ሩፋኤል እትዬ ሮማን ከሚኖሩበት ቤት ፊት ለፊት፣ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ኤልዳናም ከሽማግሌ ጋር አትቀመጥም፤ ፎቅ ላይ ናት። ደውላለት ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን በደረጃው መደገፊያ በኩል ወደ ታች እንደምትይዝለት ነግራዋለች። ስልኩን ከመሪው ፊት አቁሞ ጠበቀ። ምን እንደሚሰማ ያውቃል። ጋሼ ግርማቸው መዋሸታቸውን ያምናሉ፤ እትዬ ሮማን በትሕትና በሩን ያሳያሉ፤ ከዚያ ኤልዳና ከእናቷና ከእሱ አንዱን ስትመርጥ ትኖራለች። ይህን ሁሉ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነበር የሚያስበው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ሲደርሱ አንዲት አሮጌ ካምሪ መኪና ገባች። ጋሽ ለማ ሙሉ ልብስ ለብሰው ወረዱ። ወደ ሩፋኤል መኪና አልዞሩም። በረዶውን እየረገጡ ሄደው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሙ። በሩ ተከፈተ፤ አራቱም ገቡ።

«አራተኛው ማን ናቸው?» የሚለው የእትዬ ሮማን ድምፅ በስልኩ መጣ።

ጋሼ ግርማቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ።

«የሞትኩት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም።

«ቆመው ስላየሁዎት እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እትዬ ሮማን። «ግን አቶ ለማ፣ ጠይቀን አጣርተናል። ወንድ ልጅ የለዎትም ተብለናል።»

ስልኩ ላይ ሰከንዱ ሲቆጥር ሩፋኤል ያየዋል። ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት።

«አለኝ» አሉ ጋሽ ለማ።

«ዘርፌ ግን…»

«ዘርፌ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። እኔም የማውቀው ያንኑ ነበር። ሲወለድ ሴት ናት አሉን፤ ሴት ናት ብለን አሳደግነው። ተሳስተን ነው። ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ከፈትኩበት። አርባ ስድስት ሰው ቤቴ መጥቶ አለቀሰልኝ። አንዱም ልጄ አልነበረም። ልጄ ሩፋኤል ይባላል፤ ልጅዎን የጠየቀው እሱ ነው። ከነገሩት ውስጥ ውሸቱ የእኔ መሞት ብቻ ነው።»

«ኤልዳና ይህን ታውቃለች?» አሉ እትዬ ሮማን።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው የማውቀው፣ እማዬ» የሚል ድምፅ ከደረጃው ላይ መጣ፤ ስልኩ አጠገብ ስለሆነ ጮኸ።

«አንቺ ፎቅ ላይ ነሽ። አልተጠየቅሽም።»

አሁን ወጉን ልንገራችሁ። ሽማግሌ የጠየቀው ካልተፈቀደለት አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ደግሞ ተፈቅዷል ማለት ነው። ስለዚህ አራቱም ከነካፖርታቸው ቆመዋል።

«እኔ ይህ ነገር አልገባኝም» አሉ እትዬ ሮማን ቀስ ብለው። «ዛሬ እሺ ማለት አልችልም። ልጸልይበት፣ ልጠይቅበት እፈልጋለሁ። ልጄን ግን አውቃታለሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነ አንድ ስም ስትጠራ ፊቷ ሲበራ አያለሁ።» ትንፋሻቸው ተሰማ። «እርስዎንም በሕይወት እያሉ አስለቅሼብዎታለሁ። ይህን ያህል መንገድ በበረዶ የመጣ ሽማግሌ ሰው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ቤቴ ውስጥ አላቆምም። ተቀመጡ።»

ጋሼ ግርማቸው ቃሉ ሳያልቅ ተቀመጡ። ወንበሩ ጮኸ። ኡሳማ ወዲያው ተከተለ።

«ኢዝ ዛት ኤ የስ?» አለ ባርኮት፣ ይህ እሺታ ነው ወይ ለማለት፤ ከገባ ጀምሮ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ኡሳማ በካፖርቱ ጎትቶ አስቀመጠው።

እትዬ ሮማን ምን እንዳሉ የገባቸው አሁን ነው። አራት ሰው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጧል። ተነሡ ማለት ይችሉ ነበር።

«ሻይ ላድርግላችሁ?» አሉ በመጨረሻ።

ቀለበቱ በፋሲካ ማግሥት እንዲሆን ተቀጠረ። እትዬ ሮማን ያን ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ መዝሙሩን አብረው አልዘመሩም፤ ግን ሲያበቃ ሩፋኤልን በስሙ ጠርተው ብላ አሉት። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለዚያ የበረዶ ቅዳሜ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ለማ ቀድመው ወጡ፤ ቀጥ ብለው ወደ ሩፋኤል መኪና መጡ፤ በሩን ከፍተው አወጡትና ሰፈሩ እያያቸው፣ ልጄ፣ ሩፋኤል እያሉ አቅፈው አለቀሱ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ጎማዎቼ ትዝ አሉኝ። ይህችን እቅፍ እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሳወራው ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ እጄ ይበላኛል፤ ያለ እሷ ታሪኩ ባዶ ይመስለኛል። የሆነው እንዲህ ነው። ጋሽ ለማ ወደ ካምሪያቸው ሲሄዱ በሩፋኤል መኪና አጠገብ አለፉ። አልቆሙም፤ ወደ ውስጥም አላዩም። መዳፋቸውን በረዶ በለበሰው ጣሪያ ላይ ሁለት ጊዜ መታ አደረጉና ሄዱ። ያ ብቻ ነው።

ኤልዳና ስኳር አልቋል ብላ ካፖርቷን ደርባ ወጣችና አጠገቡ ገባች። እጁን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ሩፋኤል ሞተሩን አስነሣ። ሞርስ ሮድ ላይ በሃያ ማይል ይነዳ ጀመር። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፤ አንዱ እየተሳደበ ቀደመው።

«ምነው እንዲህ ቀስ አልክ?» አለችው።

«በረዶው እንዳይራገፍ» አላት። «የአባቴ እጅ ጣሪያው ላይ አለ።»